ሁለተኛውን መኪና መሸጥ ይቻላል፤ የመጨረሻውን ግን አይሽጡ

የጠያቂዋ ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ አጠገብ ነው። እኔ ቫን ናይስ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። ባለቤቴ ሴንቸሪ ሲቲ ቀን ይሠራል። የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን። ዕዳው ያለቀ የ2014 ኮሮላ እና በወር 540 ዶላር የምንከፍልበት ኤስዩቪ አለን። ሹፌር የሌለው ታክሲ በደጃችን ሳያልፍ የሚውልበት ሰዓት የለም። ሰው ሁሉ ‹ከአምስት ዓመት በኋላ መኪና የሚገዛ አይኖርም› ይላል። ሁለቱንም ሸጠን በእሱ ብቻ መኖር እንችላለን? ወይስ አሮጌውን ብቻ እንሽጥ? አፑ ላይ የሥራ ቦታዬን ሳስገባ ከአገልግሎት ክልሉ ውጭ ነው ይለኛል።»

ምላሽ፦ ሁለቱንም መሸጥ አይችሉም። አንዱን መሸጥ ይችላሉ፤ መሸጥ ያለበት ግን ያሰቡት አሮጌው ኮሮላ ሳይሆን ዕዳ ያለበት ኤስዩቪ ነው። ወደዚህ ያደረሰኝን ስሌት ከታች አስቀምጣለሁ። ቁጥሮቹን በራስዎ ደረሰኝ እየተኩ ይከተሉት።

አስቀድሞ መስተካከል ያለበት አንድ መደናገር አለ። «ራሱን የሚነዳ መኪና» የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እየጨፈለቀ ነው። ጎረቤትዎ ቴስላው ላይ ገዝቶ የሚጠቀምበት ሥርዓት መሪውን፣ ፍሬኑንና ፍጥነቱን ይይዛል፤ ተጠያቂው ሹፌር ግን ራሱ ጎረቤትዎ ነው፣ ዓይኑን ከመንገድ ማንሳት አይፈቀድለትም። በምህንድስናው አከፋፈል ከ0 እስከ 5 ካሉት ደረጃዎች ይህ ደረጃ 2 ነው። በደጅዎ የሚያልፈው ዌይሞ የተባለው ሹፌር አልባ ታክሲ ደረጃ 4 ነው። በውስጡ የሚቆጣጠር ሰው የለም፤ በተፈቀደለት ክልልና ሁኔታ ውስጥ ግራ ሲጋባ ራሱ ዳር ይዞ ይቆማል። ከሩቅ ሆኖ መሪ የሚያዞርለት ሰው አለ የሚባለውም ልክ አይደለም። መኪናው ሲቸግረው («ይህ መንገድ ተዘግቷል ወይ?» ዓይነት ጥያቄ ሲገጥመው) የድርጅቱ ሠራተኛ ካሜራውን አይቶ መልስና ምክር ይሰጠዋል፤ የሚነዳው ግን መኪናው ነው። ይህ ልዩነት ለእርስዎ ውሳኔ ትርጉም አለው። ደረጃ 2 መኪና ልጆችዎን ትምህርት ቤት አድርሶ ባዶውን ወደ ቤት አይመለስም። «መኪናችን ሌሊት ራሱ ታክሲ ሠርቶ ዕዳውን ይከፍላል» የሚለውንም ተስፋ ከስሌትዎ ያውጡት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሹፌር አልባ መኪና ሰው አሳፍሮ ገንዘብ እንዲቀበል የዲኤምቪም (የክፍለ ግዛቱ የተሽከርካሪ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት)፣ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽንም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ለግለሰብ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ቴክኖሎጂው የደረሰበትን ደረጃ ማንቋሸሽም ስህተት ነው። ሥራው በ2009 ጉግል ውስጥ ተጀመረ፤ ያለ ሹፌር ለማንኛውም ተሳፋሪ ክፍት የሆነው በ2020 ፊኒክስ አካባቢ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በሰኔ 2024፣ ሎስ አንጀለስ በኅዳር 2024 ለሁሉም ተከፈቱ። ኦስተንና አትላንታ በ2025 በኡበር አፕ በኩል ተጨመሩ። ደኅንነቱን በተመለከተ እስከ ጥር 2025 በተነዳ 56.7 ሚሊዮን ማይል ላይ በተሠራ ጥናት፣ እግረኛ የተጎዳባቸው ግጭቶች በዚያው አካባቢ በሰው ሹፌር ከሚደርሱት በ92 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ጥናቱን የሠሩት የድርጅቱ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ሆኖም በባለሙያ ተገምግሞ የታተመ ነው፣ እኔም ክብደት እሰጠዋለሁ። በሌላ በኩል በ2025 አትላንታና ኦስተን ውስጥ እነዚሁ መኪኖች ቀይ መብራት አብርቶ የቆመ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አልፈው በመሄዳቸው የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ምርመራ ከፍቶ፣ ድርጅቱ በታኅሣሥ ወር ሶፍትዌሩን ለማስተካከል ሪኮል (መኪኖቹን ለእርማት መጥራት) አድርጓል። በአጠቃላይ ሲታይ ከሚደክም ሹፌር የተሻለ ነው፤ ሰው በቀላሉ የማይሳሳተው ቦታ ላይ ግን ይሳሳታል። ለማንኛውም እርስዎን የሚያግደው ደኅንነት አይደለም። የሚያግደዎት ሒሳብና ሰዓት ነው።

ሒሳቡን ከኮሮላው እንጀምር። በዓመት 12,000 ማይል ይነዳል እንበል። በጋሎን 30 ማይል ቢሄድ 400 ጋሎን ነው፤ ጋሎኑን በ4 ዶላር ከ60 ብናስበው 1,840 ዶላር ይሆናል። ኢንሹራንስ 1,800፣ ዘይት፣ ጎማና ፍሬን 900፣ ሪጅስትሬሽን 200፣ ዋጋው በዓመት የሚቀንሰው 1,000 ብንል ድምሩ 5,740 ዶላር ነው። በማይል 48 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። በ2025 ጸደይ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተደረገ የዋጋ ንጽጽር የዌይሞ አማካይ ጉዞ 20 ዶላር ገደማ፣ የኡበር ደግሞ 15 ዶላር ተኩል ገደማ ነበር። ብዙዎች «ሹፌር ከሌለ ይረክሳል» ብለው ስለሚጠብቁ ይህን ሲሰሙ ይደነቃሉ። ለጥንቃቄ በጉዞ 18 ዶላር እንያዝ። የኮሮላው የዓመት ወጪ 319 ጉዞ ይገዛል፣ በሳምንት 6 ጉዞ። ስለዚህ ኮሮላውን በሳምንት ከሦስት ደርሶ መልስ በላይ የሚነዱት ከሆነ ታክሲው ያከስርዎታል። እርስዎ ወደ ሥራ ብቻ አምስት ደርሶ መልስ አለዎት፤ ያውም እያንዳንዱ መንገድ 15 ማይል ገደማ። ነገ ቫን ናይስ በክልሉ ቢገባና ዋጋው ወርዶ በማይል 2 ዶላር ከ50 ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ 75 ዶላር ነው። በ250 የሥራ ቀን 18,750 ዶላር ይሆናል፣ ኮሮላው በዓመት ከሚፈጀው ከሦስት እጥፍ በላይ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የመኪና ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነዱትም አቆሙትም የሚከፈል ነው፦ ኢንሹራንስ፣ ሪጅስትሬሽን፣ የባንክ ዕዳ፣ የዋጋ መቀነስ። ሌላው ሲነዱት ብቻ የሚወጣ ነው። መኪናው ደጅ ቆሞ ሳለ አንድ ተጨማሪ ማይል የሚያስወጣዎት 15 ሳንቲም የሚሆን ነዳጅና ጥቂት የዘይትና የጎማ ወጪ ብቻ ስለሆነ፣ ታክሲ ሁልጊዜ ውድ ሆኖ ይታያል። መኪናው ከቤት ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ዓይነት ወጪ እንዳለ ይጠፋል። በመሆኑም ማነጻጸር ያለብዎት አንዱን ጉዞ ከአንዱ ጉዞ ጋር ሳይሆን የአንድን መኪና ሙሉ ዓመት ከሚተካው ጉዞ ሁሉ ጋር ነው።

በዚህ ዓይን ኤስዩቪውን እንየው። ዕዳ 6,480፣ ሙሉ ሽፋን ኢንሹራንስ 2,400፣ ነዳጅ 1,500፣ ጥገና 600፣ ሪጅስትሬሽን 450፤ ጠቅላላ 11,430 ዶላር በዓመት ከኪስ ይወጣል። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2024 ለአዲስ መኪና ያወጣው አማካይ 12,297 ዶላር ስለነበር የእርስዎ ከዚያ የራቀ አይሆንም። አሁን ኤስዩቪው የሚሠራውን ሥራ በሌላ እንተካው። ባለቤትዎ ኦሊምፒክ ጎዳናን ይዞ ሴንቸሪ ሲቲ የሚደርሰውን የ28 ቁጥር አውቶቡስ ይያዙ፤ አንዱ ጉዞ 1 ዶላር ከ75፣ በሳምንት 10 ጊዜ 17 ዶላር ከ50 ነው። የሜትሮ ካርድ በ7 ቀን ከ18 ዶላር በላይ አይቆርጥም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ እርስዎ ገና 405 አውራ ጎዳና ላይ ነዎት። ቤታችሁ ውስጥ ሁለተኛው መኪና በእርግጥ የሚያስፈልግባት ሰዓት ይህች ናት። ትምህርት ቤቱ ሁለት ማይል ቢሆን ሹፌር አልባውን በ12 ዶላር፣ በሳምንት 60 ዶላር አስቡት። ለገበያና ለእንግድነት በሳምንት አራት ጉዞ በ18 ዶላር ይጨምሩ፣ 72 ዶላር። ድምሩ በሳምንት 149 ዶላር ከ50፣ በዓመት 7,774 ዶላር ነው። 3,656 ዶላር ይተርፋል። ራቅ ላለ መንገድ አልፎ አልፎ መኪና ብትከራዩበትም ሁሉንም አይጨርሰውም። እርግጥ ከ540ው ዶላር ከፊሉ ንብረት ሆኖ የሚጠራቀም ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ኪሳራ ነው ብዬ አልቆጥረውም፤ ዕዳው ሊያልቅ ስድስት ወር የቀረው ሰው ይህን ምክር አይከተል።

ኮሮላውን ሸጦ ኤስዩቪውን ማስቀረት በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚደረግ ነው፤ አዲሱ መኪና ስለሚያምርና ስለሚያኮራ። በሒሳቡ ግን ርካሹን አውጥቶ ውዱን ማስቀረት ነው። ከመወሰንዎ በፊት ኮሮላውን መካኒክ ዘንድ ያስገቡና ማርሹን፣ የውኃ ፓምፑን፣ የፊት እግሩንና የጎማውን ጥርስ ያስመርምሩ። የሚጠይቀው ጥገና ከ2,000 ዶላር በታች ከሆነ ይጠግኑት። ቀጥሎ ለባንኩ ደውለው የኤስዩቪውን የዛሬ መዝጊያ ሒሳብ ይጠይቁ። ከሦስት ገዢ ዋጋ ይውሰዱ። ዕዳው ከዋጋው የሚበልጥ ከሆነ ልዩነቱን ከኪስ ትከፍላላችሁ። ልዩነቱ ከአንድ ዓመት ትርፋችሁ፣ ማለትም ከ3,600 ዶላር ገደማ ካለፈ ሽያጩን አዘግዩት።

«በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም አይገዛም» ወደሚለው ልመለስ። ታክሲው የማይረክስበት ምክንያት ከሹፌር ደመወዝ በላይ ነው። በጎዳናው ላይ የሚያዩት ጃጓር ብቻውን 29 ካሜራ፣ 5 ላይዳር (በሌዘር ብርሃን ርቀት የሚለካ መሣሪያ) እና 6 ራዳር ተሸክሟል። በየቀኑ መጽዳት፣ ቻርጅ መደረግ፣ መፈተሽ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የከተማ ውድ መሬት ይፈልጋል። ከአንዱ ተሳፋሪ ወደ ሌላው ባዶውን የሚሄደው ማይል ገንዘብ አያስገባም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሰዓቱ ነው። ሕዝቡ ሥራ የሚገባውና ልጆቹን የሚያደርሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ለዚያች ሰዓት የሚበቃ መኪና የገዛ ድርጅት በቀሪው ቀን ግማሹን ያቆማል፣ ወጪውን ለእርስዎ ያስተላልፋል። ያን ያህል ካልገዛ ደግሞ ጠዋት ያስጠብቀዎታል፣ ዋጋውንም ያንረዋል። የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ፎረም በ2015 የሊዝበንን ከተማ በኮምፒውተር ሞዴል ሲያጠና፣ ሰዎች እርስ በርስ ተጋርተው ቢሳፈሩና ሜትሮው (የከተማው ባቡር) ካለ ከአሥር መኪና ዘጠኙ ሊቀር እንደሚችል አሳይቷል። ይህ ቁጥር ብዙ ይጠቀሳል። ያው ጥናት ግን ሰው ሳይጋራ ብቻውን ቢሳፈርና ሜትሮውም ባይኖር የሚነዳው ኪሎ ሜትር ወደ 90 በመቶ ገደማ እንደሚጨምርም አሳይቷል፤ ይህኛውን ግን የሚያነሳ የለም። ዘጠኙን መኪና ለማስቀረት ሹፌር አለመኖሩ ብቻ አይበቃም፤ መጋራቱና ባቡሩም ያስፈልጋሉ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዛሬ በአንድ መኪና የሚሳፈረው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው።

የልጆቹን ነገር ጠንቅቀው ይያዙት። የ9 ዓመቱን ልጅ ብቻውን ጭነው መላክ አይችሉም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ በሹፌር አልባ ታክሲ አይሳፈርም። ፊኒክስ ውስጥ በ2025 የተጀመረው የወጣቶች አካውንት እንኳ ከ14 ዓመት ጀምሮ ነው። የልጅ መቀመጫ መኪናው ውስጥ የለም፤ በካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከኋላ፣ በራሱ መቀመጫ መታሰር አለበት። ለ4 ዓመት ልጅዎ 10 ፓውንድ ገደማ የሚመዝን፣ በመኪናው ቀበቶ የሚታሰር ቀላል መቀመጫ ይግዙ። ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት ከ1 ኢንች በላይ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም፤ በጉልበትዎ ተጭነው ቀበቶውን እንደገና ይሳቡ። ታክሲው የሚጠብቀው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ባለቤትዎ እንቅስቃሴውን ቤት ባለው መኪና ላይ በሁለት ደቂቃ እስኪጨርሱት ድረስ ይለማመዱት። ትምህርት ቤት ሲደርሱ መቀመጫውን ማን እንደሚይዘው አስቀድመው ይወስኑ፤ ባለቤትዎ ይዘውት አውቶቡስ መሳፈር አለባቸው፣ ወይም ትምህርት ቤቱ እስከ ማታ እንዲያስቀምጥላችሁ ይጠይቁ። ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህች ላይ ነው። መኪናው የሚይዘው አራት ሰው ነው፤ አያት ከአገር ቤት ሲመጡ አምስተኛ ይሆናሉ። የሚጠራውም ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ አይቆምም፣ ጥግ ዞራችሁ መሳፈር ይኖርባችኋል። ለማኅበር ድፎ ዳቦና ድስት ተሸክሞ፣ ልጅ ይዞ፣ ለጾም ፍቺ ከሌሊት ቅዳሴ መመለስ በኮሮላው የሚሠራ ሥራ ነው።

የመጨረሻውን መኪና አትሽጡ የምለው ግን ከዚህም በላይ ስለ ክፉ ቀን ነው። በሰኔ 2025 ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ ተቃውሞ ሲነሳ በርካታ የዌይሞ መኪኖች ተቃጠሉ፣ አገልግሎቱ በአካባቢው ተቋረጠ። በታኅሣሥ 2025 ሳን ፍራንሲስኮ መብራት ሲጠፋ የትራፊክ መብራቶች ጨለሙ፤ መኪኖቹ መስቀለኛ መንገድ ላይ ተገትረው ቀሩ፣ አገልግሎቱም ቆመ። በጥር 2025 የሎስ አንጀለስ አካባቢ ሰፈሮች የሆኑት ፓሊሴድስና አልታዴና ሲቃጠሉ «ውጡ» የተባሉት ሰዎች ያስፈለጋቸው ደጃቸው ላይ የቆመ፣ ነዳጅ ያለው መኪና ነበር። ፈቃድም በአንድ ቀን ይታገዳል። ክሩዝ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ ድርጅት በጥቅምት 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንዲት እግረኛን 20 ጫማ ያህል ከጎተተ በኋላ ዲኤምቪ በዚያው ወር አገደው፤ በታኅሣሥ 2024 ባለቤቱ ገንዘብ መስጠት አቆመ፣ የሹፌር አልባ ታክሲ ሥራውም በዚያው ቀረ። የሌሊት ተረኛን በአልጋ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች አሉ። ሥራዎን ባንድ ድርጅት ፈቃድ ላይ አይንጠልጥሉት።

ሳይሸጡ ለ8 ሳምንት ይፈትኑት። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ የሁለቱን መኪኖች ጉዞ ሁሉ ቀን፣ ሰዓት፣ ማይልና ተሳፋሪ ለይታችሁ መዝግቡ። ዋጋውን አፑ ላይ ስታዩ ጉዞው በሚደረግበት ሰዓት ይሁን፤ እኩለ ቀን የታየ ዋጋ ለጠዋቱ አይሠራም። ከዚያ ኤስዩቪውን አቁሙ፣ ኢንሹራንሱን ግን አታቋርጡ። ከተማው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ከ72 ሰዓት በላይ ማቆም ስለሚከለክል በግቢ ውስጥ ይሁን፤ ባትሪው እንዳይሞት በየሁለት ሳምንቱ 20 ወይም 30 ደቂቃ ንዱት። ጠዋት ከ15 ደቂቃ በላይ ያስጠበቀ ወይም ጭራሽ ያልተገኘ ጉዞ እንደ ውድቀት ይቆጠር። ከ20 የትምህርት ቤት ጉዞ ከአንድ በላይ ከወደቀ መኪናውን አትሽጡ፤ ይልቅ ከሌላ ወላጅ ጋር የጠዋቱን ጉዞ በተራ መጋራትን ሞክሩ። በሒሳብ ደረጃ ይህ ከሁሉ የረከሰው አማራጭ ነው።

ፈተናውን ካለፈ ሽያጩን በዚህ ቅደም ተከተል ፈጽሙት። የመኪናውን ባለቤትነት ወረቀት የያዘው ባንኩ ስለሆነ ክፍያው በባንኩ በኩል ይዘጋ። መኪናው ከአራት የሞዴል ዓመት በላይ ከሆነ ከ90 ቀን ያልበለጠ የጭስ ምርመራ ወረቀት የማቅረብ ግዴታ የሻጩ ነው። ታርጋው እዚህ ከመኪናው ጋር ይሄዳል፣ አትንቀሉት። በ5 ቀን ውስጥ መኪናውን ማስተላለፋችሁን በዲኤምቪ ድረ ገጽ አሳውቁ፤ ይህ ካልተደረገ የገዢው የፓርኪንግ ቅጣትና የቶል ዕዳ በእናንተ ስም ይመጣል። ኢንሹራንሱን የምታቋርጡት ከዚህ ማስታወቂያ በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም። በዚያው ጥሪ ባለቤትዎ በኮሮላው ፖሊሲ ላይ እንደ ሹፌር መመዝገባቸውን አረጋግጡ። የተጠያቂነት ሽፋኑንም ተመልከቱ፦ ከጥር 2025 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ዝቅተኛው መጠን ለአንድ ሰው ጉዳት 30,000፣ ለአንድ አደጋ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ዶላር ሆኗል። ቤተሰቡ በአንድ መኪና ሲቀር ከዚህ ዝቅተኛ መጠን ከፍ ማድረግ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ እኔ ለአንድ ሰው 100,000፣ ለአንድ አደጋ 300,000 የሚሸፍነውን እመርጥላችኋለሁ።